ነጩ በርሜል

ከሰንዳፋ ወዲህ፣ ካስፋልቱ ተገንጥሎ፣
በስንዴ ማሳ መሀል ሣሩ ታጭዶ ተደልድሎ፣
አንድ ሜዳ አለ።
በሻምበል ወንድይፍራው እግር ዘጠኝ መቶ እርምጃ፣
በኔ እግር ሺ ስልሳ።
"ሜዳውን ሳትረግጪ አትብረሪበት" ይላል፤
ካርታ አያምንም፣ ራሱ ትናንት የለካውንም አያምን።
ሌሊት ዘንቦ ከሆነ፣ ሣሩ ካደገ፣ ፍልፈል ከቆፈረ፣
ሜዳ አጥሮ ያድራል፣ ይላል።

በወዲህ ጫፍ ቦይ፣ በወዲያ ጫፍ ባሕር ዛፍ፤
ቦዩ ላጠረ አያዝንም፣ ዛፉም ለዘገየ ክንፍ።
መሀሉ ላይ አንድ በርሜል፣ ኖራ የተቀባ፤
ከሱ ወዲያ ያለው መሬት
ለፍሬን ነው እንጂ ለተስፋ አይገባ።

ጧት አንድ ሰዓት ተኩል። ብርድ። ደግ ሰዓት ነው።
ኦቦ ለሚ ጊደሮቹን ወደ ቦዩ ማዶ ነድቷል፤
ከዱቄት ጆንያ የተሰፋው የነፋስ ከረጢት
ገና አልነቃም፣ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሏል።

"እዚህ ከፍታ ላይ" ይለኛል ሻምበል፣ "አየሩ ቀጭን ሻይ ነው፤
ሞተሩም እንዳንቺ ነው፣ ዳገት ላይ ያለከልካል፤
ቤንዚኑን ቀነስ አድርጊለት፣ አለዚያ ትን ይለዋል።"

ፍላፕ አንድ እርከን። ፍሬን በሁለት እግር።
ጋዙ እስከ ጥግ፤ ቆርቆሮው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣
ገመድ እንደያዘው ወይፈን።
ከዚያ መልቀቅ።
በርሜሉ ጋ ስትደርሺ መርፌው ሠላሳ አምስት ካለ፣ ቀጥዪ፤
ካላለ —
"ካላለ በሚባለው ላይ ድርድር የለም።"

ማረፉ ይብሳል።
መርፌው ስልሳ ይላል፣ ልክ እንደ ቆላው ሜዳ፤
መሬቱ ግን በሰባ ይመጣል፣ እንዳልተጠራ እንግዳ።
"መርፌውን እመኚ" ይላል፣ "ዓይን መቼም ይቸኩላል።"
መጀመሪያ ረዘምኩ፤ ተንሳፍፌ በርሜሉን አለፍኩት፣
ጋዝ ሰጥቼ ተነሣሁ፣ እፍረቴን ለነፋስ ሰጠሁት።
ሁለተኛው አጠረ፤ ቦዩ ውኃውን አሳየኝ፣
በውኃው ውስጥ የራሴን ሆድ፣ የራሴን ጎማ።
እንደገና ተነሣሁ።
በአምስተኛው ጎማው መስመሩን ነካ፣
ጠንከር ብሎ፣ ያለ ይሉኝታ።
"እንዲህ ነው" አለ ሻምበል፣ "አጭር ሜዳ ላይ
ለስላሳ ማረፍ ጉራ ነው።"

አራት ሰዓት ተኩል ላይ "አንድ ልድገም" አልኩ።
ዝም አለ።
ፀሐይ አየሩን አሳስታ ነበር፤
የነፋሱ ከረጢትም ፊቱን አዙሮ ነበር፣
አላየሁትም።

ፍሬኑን ለቀቅኩ።
ሃያ። ሃያ አምስት። ሣሩ ያዝ አድርጎኛል።
በርሜሉ መጣ፤ መርፌው ሠላሳ አንድ።

እኔ ባንክ ነው የምሠራው፣ መገናኛ፣ ብድር ክፍል፤
"ትንሽ ነው የጎደለኝ" የሚል ሰው
በየቀኑ ፊቴ ይቀመጣል።
አራት ብቻ ነው የጎደለኝ።
ባሕር ዛፎቹ ቁመታቸውን ማሳየት ጀመሩ፤
የሻምበል እጆች ጉልበቱ ላይ ናቸው፣
አልተንቀሳቀሱም።

ጋዙን ሳብኩት።
ፍሬን። ሣር ከነሥሩ ተነቀለ። ቆምን።
ከአፍንጫችን እስከ ዛፎቹ ሰባ እርምጃ፤ ወርዶ ቆጠረው።
ተመልሶ መዝገቤን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ፦
"ባትቆም ኖሮ ታልፍ ነበር፤
በመቆሟ አለፈች።"

አውሮፕላኑ እዚያው በገመድ ታስሮ ዋለ፤
እኔ በሚኒባስ ተመለስኩ፣ ጫማዬ ጭቃ፣
ከኋላ ወንበር፣ ከሽንኩርት ጆንያ አጠገብ።
ለገጣፎ ሳንደርስ፣ ኩርባው ላይ፣
ሹፌሩ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሊቀድም ወጣ፤
ከፊት አይሱዙ ይመጣል፤
"ይደርሳል፣ ይደርሳል!" ይላል ረዳቱ፣ ግማሽ አካሉ በር ላይ፤
እግሬ ወለሉ ላይ ፍሬን ፈለገ፣
ዓይኔም መንገዱ ዳር
ነጭ በርሜል።